መንገዱም ከቀኑ ይቆጠር

(ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለብስክሌት ጀማሪዎች በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ ሲሆን የተስተካከለው ጥቂት ቦታ ብቻ ነው።)

እንደምን ዋላችሁ? ከኋላ ያላችሁት፣ ይሰማል? እሺ፣ ጥሩ። የቆማችሁት ደግሞ ኑ ግቡ፤ እዚህ ፊት ለፊት ሦስት ባዶ ወንበር ይታየኛል። ኑ፣ ኑ፣ አትፈሩ።

ስለጋበዛችሁኝ ከልቤ አመሰግናለሁ። ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ ስፖርተኛ አይደለሁም። ውድድር ገብቼ አላውቅም። ብስክሌት የምነዳው ሥራ ለመሄድ፣ ዳቦ ለመግዛት፣ እህቴን ለመጠየቅ ነው። ስለ ጤና፣ ስለ ነዳጅ፣ ስለ አየር ብክለት የሚነግሯችሁ ሰዎች አሉ፤ የሚሉት ሁሉ እውነት ነው። እኔ ግን ዛሬ የመጣሁት ስለ ደስታ ልነግራችሁ ነው። ስለ ተራ፣ የየቀኑ ደስታ።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ትናንት ጠዋት ከቤት ወጥታችሁ የምትሄዱበት እስክትደርሱ ድረስ መንገድ ላይ ምን አያችሁ? አንድ ነገር፣ አንዲት ነገር ብቻ የምታስታውሱ እጃችሁን አንሱ። … አያችሁ? አራት እጅ። ከዚህ ሁሉ ሰው አራት እጅ!

እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ለአሥራ አንድ ዓመት በየቀኑ ወደ ሁለት ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ መንገድ ላይ አሳልፍ ነበር። ቀኔ ቤቴን ስቆልፍ ያልቃል፤ የቢሮዬን በር ስከፍት እንደገና ይጀምራል። መሃሉ ባዶ ነው። ዐይኔን ጨፍኜ፣ ስልኬን እያየሁ፣ "መቼ ነው የምንደርሰው?" እያልኩ የምጥለው ጊዜ ነበር። በቀን ሁለት ሰዓት! እስቲ አስቡት፣ በዓመት ስንት ይሆናል? ብስክሌት የሰጠኝ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። መንገዱን ከቀኔ ቆጠረልኝ። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።

ሦስት ነገር ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛው፣ እንዴት እንደሚጀመር። ሁለተኛው፣ ዐይናችን፣ አፍንጫችንና ሆዳችን ከብስክሌት ምን እንደሚያገኙ። ሦስተኛው፣ ከሰው ጋር መውጣት። መሃል ላይ ወጣ ገባ ካልኩ ታገሱኝ።

ወደ አንደኛው ልግባ። ብስክሌት መንዳት የተማርኩት በ38 ዓመቴ ነው። ልጅ ሳለሁ ወንድሞቼ ይነዱ ነበር። እኔ ስጠይቅ "ልብስሽ ይቀደዳል" ተባልኩ። በቃ፣ እዚያው ቀረ። ካደግኩ በኋላ ደግሞ አፈርኩ። ትልቅ ሰው ሜዳ ላይ ሲወድቅ ማን ማየት ይፈልጋል? እዚህ ውስጥ እንደኔ ያፈራችሁ ትኖራላችሁ፤ አውቃለሁ።

አንድ ቀን ቆረጥኩና ያገለገለ ብስክሌት ገዛሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ወደቅኩ። ስወድቅ እነሳለሁ፤ ስነሳ እወድቃለሁ። ጉልበቴ ተላጠ፣ ክርኔ አበጠ። አንድ የጎረቤት ልጅ፣ ያኔ የ12 ዓመት ልጅ ነበር፣ አጥር ላይ ተቀምጦ ሲያየኝ ሰንብቷል። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ወርዶ መጣና፣

"እትዬ፣ መፍቻ አለዎት?" አለኝ።

"ምን ሊያደርግልህ ነው?"

"ፔዳሉን እናውጣው።"

የሚያፌዝብኝ መስሎኝ ነበር። ልጁ ግን ከልቡ ነው። መፍቻውን ሰጠሁት። የቀኙን ፔዳል በቀላሉ ፈታው። የግራውን ሲጀምር መፍቻውን በተቃራኒው አዞረ። "ተሳሳትክ" ልለው ስል "የግራው ጥርሱ ወደ ሌላ በኩል ነው እትዬ፤ ሲነዱ እንዳይላላ ነው" አለኝ። እውነቱን ነው። የግራ ፔዳል ብሎን በተቃራኒ ነው የሚፈታው። ከዚያ ኮርቻውን ዝቅ አደረገው። ስቀመጥ ሁለቱም እግሮቼ መሬቱን በደንብ ረገጡ።

"በቃ፣ አሁን ይራመዱበት" አለኝ። "ሩቅ ይዩ። ጎማውን አይዩ።"

የመጀመሪያው ቀን ተራመድኩበት። ኮርቻው ላይ ተቀምጬ፣ እግሬን ግራ ቀኝ እያልኩ፣ እንደ ሕፃን ልጅ። በሁለተኛው ቀን እርምጃዬ ረዘመ። በሦስተኛው ቀን ትንሽ ቁልቁለት ላይ ሁለቱንም እግሮቼን አነሳሁ። ልጁ ከኋላዬ እየሮጠ ይቆጥራል። "አንድ! ሁለት! ሦስት! አራት!" እስከ ሰባት ደረሰ። እስከ ሰባት ቆጥሮ እኔ አልወደቅኩም! በአራተኛው ቀን ፔዳሉን መለሰው፤ እኔም ሄድኩ። ሁለት ሳምንት ያቃተኝ ነገር በአራት ቀን አለቀ።

ለምን ሠራ? ነገሩ እንዲህ ነው። ብስክሌት ሚዛኑን የሚጠብቀው በመሪው ነው። ወደ ግራ መውደቅ ስትጀምሩ መሪውን በትንሹ ወደ ግራ ታዞራላችሁ፤ ጎማዎቹም ተመልሰው ከሥራችሁ ይገባሉ። ወደምትወድቁበት አዙሩ! ጀማሪ ሰው ይፈራና በተቃራኒው ያዞራል፤ ስለዚህ ይወድቃል። ፔዳል ሲኖር ደግሞ እግራችሁም መሪውም በአንድ ጊዜ ሐሳባችሁን ይሻማሉ። ፔዳሉ ሲወጣ ሰውነት መሪውን ብቻ ይማራል።

በኋላ ሳነብ በጣም የገረመኝ ምን መሰላችሁ? ብስክሌት ራሱ የተወለደው እንደዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1817 ካርል ድራይስ የሚባል ጀርመናዊ ከእንጨት የተሠራ ባለ ሁለት ጎማ ነገር ይዞ ከማንሃይም ከተማ ወጣ። ፔዳል የለውም። ሰንሰለት የለውም። ተቀምጦበት በእግሩ መሬቱን እየገፋ ሄደ። ፔዳል የፊተኛው ጎማ ላይ ተገጥሞ በፓሪስ መንገዶች የታየው በ1860ዎቹ ነው። ዛሬ የምናውቀው መልክ፣ ሁለት እኩል ጎማ፣ የኋላውን የሚያዞር ሰንሰለት፣ በደንብ ገበያ የገባው በ1885 እንግሊዛዊው ጆን ኬምፕ ስታርሊ ባወጣው ብስክሌት ነው። እኔና ያ ልጅ የግቢያችን ሜዳ ላይ የድራይስን መንገድ ሄድንበት ማለት ነው። የሰው ልጅ የተማረበትን ቅደም ተከተል እኔም በአራት ቀን ተማርኩት።

"ልብስሽ ይቀደዳል" የተባልኩትን አስታወሳችሁ? ያኔም ሴቶችን እንዲሁ ይሏቸው ነበር። አሜሪካዊቷ የሴቶች መብት ተሟጋች ሱዛን ቢ. አንተኒ ግን በ1896 ምን አለች? ሴቶችን ነፃ በማውጣት በኩል በዓለም ላይ እንደ ብስክሌት የሠራ የለም አለች። ይህን ያነበብኩ ቀን ወረቀቱን አጥፌ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። አንድ ሰው ሳይፈቅድላት፣ ሳያደርሳት፣ ሳይጠብቃት የፈለገችበት መሄድ የቻለች ሴት ምን እንደሚሰማት አውቀዋለሁ። ሰውነቴ ያውቀዋል።

እሺ፣ ወደ ሁለተኛው ልለፍ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይበት፣ የምወደው ቦታ ነው።

ሰው በእግሩ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። በዚያው ጉልበት፣ ሜዳ ላይ፣ በብስክሌት 15 ኪሎ ሜትር መሄድ ይችላል። ሳይለፋ ማለቴ ነው። እንግዲህ ይህ ፍጥነት የተለየ ፍጥነት ነው። ሩቅ ለመድረስ ይበቃል፤ ሰው ሰላም ለማለትም ይፈቅዳል። የሆነ ነገር ካያችሁ ፍሬን ይዛችሁ አንድ እግር መሬት ማድረግ ነው፤ ቆማችሁ ማለት ነው። መኪና ውስጥ ሆናችሁ "አቁምልኝ" ብትሉ የት ያቆማል?

ከቤቴ እስከ ሥራዬ 7 ኪሎ ሜትር ነው። ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኛል። አሁን ያን መንገድ ልንገራችሁ? ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ላይ መንገዱ ወደ አንድ ትንሽ ወንዝ ይወርዳል። ጠዋት እዚያ ስደርስ አየሩ በአንዴ ይቀዘቅዛል። መጀመሪያ የሚሰማኝ እጄ ላይ ነው፤ መሪውን የያዝኩበት የእጄ ጀርባ ላይ። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ሌሊቱን ወደ ዝቅታ ወርዶ ይተኛል። ድልድዩን አልፌ ዳገቱን ስጀምር ደግሞ ሙቀቱ ደረጃ በደረጃ ይመለሳል። በዚያ መንገድ በመኪና ለአሥራ አንድ ዓመት ተመላልሻለሁ። ወንዝ መኖሩን አውቅ ነበር። ቅዝቃዜውን ግን አላውቀውም ነበር።

ከድልድዩ ወዲያ አንድ ሰውዬ አሉ። ጠዋት ጠዋት በራቸው ላይ አበባ ያጠጣሉ። በራስ ንቅነቃ ሰላም እንባባላለን፣ እሱ ብቻ ነው። ሁለት ዓመት ስንተላለፍ አንድ ቃል ተነጋግረን አናውቅም። አንድ ጊዜ አሞኝ አሥር ቀን ቤት ዋልኩ። ተሽሎኝ በዚያ ሳልፍ ውኃ ማጠጫውን መሬት አስቀምጠው "ምነው ጠፋሽ ልጄ? ደህና አይደለሽም እንዴ?" አሉኝ። ስሜን አያውቁም። እኔም ስማቸውን አላውቅም። ግን መቅረቴን አውቀዋል። ከመኪና መስኮት ጀርባ ብሆን ኖሮ ማን ይጠይቀኝ ነበር?

አሁን ዳቦው ጋ ደርሰናል።

አራተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ዳቦ ቤት አለ። ከማየቴ በፊት ይሸተኛል። ነፋሱ ወደ እኔ ከሆነ ከሁለት መታጠፊያ በፊት፣ ከጀርባዬ ከሆነ በሩ ላይ ስደርስ። ማታ ስመለስ ትኩስ ሁለት ዳቦ እገዛለሁ። በላስቲክ አታስሩት! ትኩስ ዳቦ በላስቲክ ከታሰረ ላብ ያልበዋል፣ ቅርፊቱ ይለሰልሳል። እኔ በንጹሕ ጨርቅ እጠቀልለውና ጀርባዬ ላይ በማዝለው ቦርሳ ውስጥ አስገባዋለሁ። ከዚያ ሙቀቱ ይመጣል። ቀስ ብሎ፣ በቦርሳው አልፎ፣ በሹራቤ አልፎ፣ ጀርባዬ ላይ ያርፋል። ልጄን አዝዬ የምሄድ ነው የሚመስለኝ። የትራፊክ መብራት ሲይዘኝ እጄን ወደ ኋላ ልኬ አንድ ጫፍ እቆርሳለሁ። ቤት ስደርስ አንዱ ዳቦ ሁልጊዜ ጫፍ የለውም። ልጄ እሱን እያየች "ዛሬ መብራቱ ይዞሻል" ትለኛለች።

ብስክሌት የምግብን ጣዕም ይቀይራል። ብርቱካን በልታችሁ ታውቃላችሁ፣ አይደል? ሃያ ኪሎ ሜትር ነድታችሁ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጣችሁ፣ በአውራ ጣታችሁ ልጣችሁ ብርቱካን በልታችኋል ወይ? ቀቅላችሁ የያዛችሁት እንቁላል፣ ጨው በወረቀት ጠቅልላችሁ፣ በልታችኋል ወይ? ረሃብ ሰውነት ከሠራ በኋላ ሲመጣ ሌላ ነገር ነው።

ግን ተጠንቀቁ። ይህን የተማርኩት ተቸግሬ ነው። በጀመርኩበት ዓመት አንድ እሑድ ቁርስ ሳልበላ ረጅም መንገድ ወጣሁ። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ላይ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እግሬ ባዶ ሆነ፤ ድካም አይደለም፣ ባዶ ነው። ሰውነት ያከማቸው ስኳር ሲያልቅ እንደዚያ ነው የሚሆነው። ወርጄ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አንዲት እናት በዚያ ሲያልፉ አዩኝና ዘንቢላቸውን አስቀመጡ።

"ልጄ፣ ፊትሽ ገርጥቷል። ምን በልተሻል?"

"ምንም እማማ።"

ሁለት ሙዝ አወጡ። አንዱን ራሳቸው ልጠው ሰጡኝ። እስክጨርስ ድረስ ቆመው ጠበቁኝ። ሁለተኛውንም እንድበላ ቆመው ጠበቁ። ከዚያ ዘንቢላቸውን አንስተው ሄዱ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከአንድ ሰዓት በላይ ለሚፈጅ መንገድ ምግብና ውኃ ሳልይዝ አልወጣም። ሁልጊዜም አንድ ሙዝ ትርፍ እይዛለሁ። ሦስት ጊዜ ለሌላ ሰው ሰጥቼዋለሁ። ከመራባችሁ በፊት ብሉ፤ ከመጠማታችሁ በፊት ጠጡ።

ስለ ደስታ ብዬ ጀምሬ ስለ አደጋ ዝም ብል ግን ቅር ይለኛል። እኔም ወድቄያለሁ። ከቆሙ መኪናዎች አጠገብ ተጠግቼ ስሄድ በር ተከፈተብኝ። የእጄ አንጓ ተሰበረ። ስድስት ሳምንት ጀሶ ነበር። ሹፌሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ወደ ኋላ አላየም፣ በቃ። ስለዚህ ብስክሌት የምትነዱ፣ ከቆመ መኪና ከአንድ ሜትር በላይ ራቁ። አሁንም እደግመዋለሁ፣ ከአንድ ሜትር በላይ! ከጭነት መኪና ጎን አትቁሙ፤ ሹፌሩ አያያችሁም። መኪና የምትነዱ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ እለምናችኋለሁ፣ በር ስትከፍቱ በሩ አጠገብ ባለው እጅ አትክፈቱ። በሌላኛው እጅ ክፈቱት። በሌላኛው እጅ ስትከፍቱ ትከሻችሁ ይዞራል፣ አንገታችሁም ይዞራል፣ ከኋላ የሚመጣውን ታያላችሁ። በኔዘርላንድስ ለነጂዎች የሚያስተምሩት ልማድ ነው። ዛሬ ማታ ቤት ስትደርሱ አንድ ጊዜ ሞክሩት።

ሦስተኛው። ከሰው ጋር መውጣት።

እዚህ ላይ አንድ ሕግ ብቻ አለኝ። ቀርፋፋው ሰው ፊት ይሁን። ፈጣኑ ፊት ከሆነ ቀርፋፋው ቀኑን ሙሉ ጀርባ ሲያይ፣ ሲያለከልክ፣ ሲያፍር ይውላል፤ በሚቀጥለው ሳምንት አይመጣም። ቀርፋፋው ፊት ሲሆን ግን ቡድኑ በእሱ ልክ ይሄዳል፤ ወሬም ይኖራል።

የወሬ ነገር ከተነሳ፣ ጎን ለጎን እየነዱ መጫወት የተለየ ነው። ልጄ 15 ዓመቷ ነው። እራት ላይ "ትምህርት ቤት እንዴት ዋልሽ?" ስላት "ምንም" ትላለች። ወላጆች ይህን "ምንም" ታውቁታላችሁ። ባለፈው እሑድ መኪና በማይገባበት መንገድ ጎን ለጎን እየነዳን ነበር። ሁለታችንም ፊት ለፊት ነው የምናየው። አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ዝም ብለን ሄድን። ከዚያ በራሷ ጊዜ፣ ማርሽ እየቀየረች፣ "እማዬ፣ ሒሳብ ክፍል ማንም አጠገቤ አይቀመጥም" አለችኝ። ዞር ብዬ አላየኋትም። "ከመቼ ጀምሮ?" ብቻ አልኩ። የቀረውን መንገድ በሙሉ ነገረችኝ። ዳገቱ ላይ ዝም አለች፤ ጫፍ ስንደርስ ከአንድ ኮዳ ውኃ ጠጣንና ቀጠለች። ጠረጴዛ ዙሪያ ቢሆን ያን ወሬ በጭራሽ አላገኘውም ነበር።

ትልልቅ ከተሞችም ይህን አውቀውታል። ቦጎታን ውሰዱ፣ የኮሎምቢያን ዋና ከተማ። እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ እሑድና በዓል ቀን ዋና ዋና መንገዶችን ለመኪና ይዘጋሉ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ለብስክሌት፣ ለሯጭ፣ ለእግረኛ፣ ጋሪ ለሚገፋ እናትና አባት ይሆናል። ከ50 ዓመት በላይ! ኔዘርላንድስ ውስጥ ደግሞ በኖቬምበር 1973 የነዳጅ ችግር ሲመጣ መንግሥት እሑድ መኪና እንዳይነዳ ከለከለ። ሰዉ ምን አደረገ? ብስክሌቱን ይዞ አውራ ጎዳናው ላይ ወጣ። ሰፊ፣ ጸጥ ያለ አውራ ጎዳና፣ ሕፃናት መሃል ላይ ሲነዱ። የዚያን ጊዜ ፎቶግራፎች ፈልጋችሁ እዩዋቸው። ኮፐንሃገን ውስጥ ደግሞ ኖሬብሮጋደ በሚባለው ጎዳና ላይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ብስክሌተኛ አረንጓዴ መብራት ተከታትሎ እንዲበራ አድርገውታል። ጠዋት ሥራ ለሚሄድ ሰው መብራቱ በሙሉ ክፍት! ሰውን ማክበር ማለት ይሄ ይመስለኛል።

ስለ ጉዞ ብዙ ልል ነበር፤ ሰዓቱ ግን እየሄደ ነው። አንዷን ብቻ። የማታውቁት ከተማ ስትሄዱ በመጀመሪያው ቀን ብስክሌት ተከራዩ። በመጀመሪያው ቀን! እኔ ለሥራ በሄድኩበት ከተማ እንደዚያ አድርጌ መንገድ ጠፋብኝ። ለሁለት ሰዓት ተንከራተትኩ። ማታ ካርታውን ስዘረጋ ግን የከተማው ግማሽ በእግሬ ውስጥ ነበር። ዳገቱ የት እንደሆነ፣ ገበያው የት እንደሚሸት፣ ጥላው በየትኛው በኩል እንደሚወድቅ አውቅ ነበር።

በቃ፣ እዚህ ላይ ላቁም፤ ጥያቄ ካላችሁ ውጭ እናወራለን። ብስክሌቴ በሩ ላይ ነው። ዛሬ ጠዋት ሁለቱንም ፔዳሎች አውጥተንለታል፤ ኮርቻውም ዝቅ ብሏል። ያ አጥር ላይ ተቀምጦ ያየኝ የነበረው ልጅ አሁን 21 ዓመቱ ነው። ያው፣ በሩ አጠገብ መፍቻ ይዞ የቆመው እሱ ነው። ሜዳው ለስላሳ ነው፣ ቁልቁለቱም ትንሽ ነው። እሱ ከኋላችሁ እየሮጠ ይቆጥርላችኋል።

መንዳት የማትችሉ፣ ማን ይጀምር?